ኮከብ ሲነካ ፊሽካ፣ ኮከብ ሲያርፍ ዝምታ

የሰሌዳው ጥግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጉዳይ ሆዴ ውስጥ ከያዝኩት ቆየሁ። ዛሬ ላውጣውና እናንተም የመሰላችሁን በሉ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ላይ ሁለት ነገሮች ያበግኑኛል። አንደኛው ዳኞች ለኮከቦች የሚነፉት ፊሽካ ነው። ያው አንድ ዓይነት ንክኪ ተቀያሪው ላይ ሲደርስ ጨዋታው ይቀጥላል። ኮከቡ ላይ ሲደርስ ሁለት የቅጣት ውርወራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምንም ያልሆነ ጤነኛ ተጫዋች "ዛሬ ያርፋል" ተብሎ ሱፍ ለብሶ ወንበር ላይ መቀመጡ ነው።

ሰው ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሥራቸው አንድ ነው ባይ ነኝ። ሊጉ የሚሸጠው ቡድን ሳይሆን ሰው ነው። የሚሸጠውን ሰው ሜዳ ላይ በፊሽካ ይጠብቀዋል፣ ከሜዳ ውጭ በእረፍት ይጠብቀዋል። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው። የፊሽካውን ተከላካዩ፣ የእረፍቱን ትኬት የቆረጠው ተመልካች።

የ2006ቱን ፍጻሜ አስታውሱ። ማያሚ ከዳላስ፣ 5ኛው ጨዋታ (ዋንጫው ቀድሞ አራት ጨዋታ ላሸነፈ ነው)። ድዋይን ዌድ ብቻውን 25 የቅጣት ውርወራ አገኘ። የዳላስ ቡድን በሙሉ ተደምሮ ያገኘውም 25 ነው! ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት 101 ለ 100 አሸነፈ። በአንዲት ነጥብ። በስድስቱ ጨዋታዎች ዌድ በድምሩ 97 የቅጣት ውርወራ ወርውሯል። ዌድ ትልቅ ተጫዋች ነው፣ አልክድም። ወደ ቅርጫቱ ሳይፈራ ይገባል። ግን አንድ ሰው ከአንድ ሙሉ ቡድን እኩል ሲነፋለት ዓይኔን ጨፍኜ "ትክክል ነው" ማለት አልችልም።

እረፍቱን ደግሞ በማርች 2017 ያየነውን አንርሳ። ክሊቭላንድ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ከክሊፐርስ ጋር ሊጫወት ነው። ቅዳሜ ማታ፣ አገር በሙሉ የሚያየው የቴሌቪዥን ጨዋታ። ሌብሮን የለም። ካይሪ የለም። ኬቨን ላቭ የለም። ሦስቱም የቡድኑ ኮከቦች! ክሊፐርስ 108 ለ 78 አሸነፈ። ያን ቀን ለትኬት የከፈለ ሰው ያየው ልምምድ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም።

እስቲ እናንተስ?

ስድስተኛው ሰው፦

በሁሉም እስማማለሁ። በተለይ በእረፍቱ። ማይክል ጆርዳን ከ1996 እስከ 1998 ሦስቱንም ዋንጫ ሲወስድ በሦስቱም ዓመት የመደበኛውን ውድድር 82 ጨዋታ በሙሉ ነው የተጫወተው። በመጨረሻው ዓመት 35 ሞልቶት ነበር። ጆን ስቶክተን በ19 ዓመት ውስጥ የቀረው 22 ጨዋታ ብቻ ነው። ኤ.ሲ. ግሪን በተከታታይ 1,192 ጨዋታ ተጫውቷል። እነሱም ሥጋ ለባሽ ነበሩ። የዛሬዎቹ በግል አውሮፕላን እየሄዱ፣ የራሳቸው ሐኪምና ምግብ አብሳይ እያላቸው ምን ሆነው ነው?

አሮጌ ፊሽካ፦

ልጆች፣ ስለ እረፍቱ ለሚያውቁት ልተው። ስለ ፊሽካው ግን ትንሽ ልበል። በአማተር ደረጃ ለ11 ዓመት ዳኝቻለሁ። ከኤንቢኤ ጋር አይወዳደርም፤ ቢሆንም ዓይን ያው ዓይን ነው።

ሦስት ዳኛ ሲኖር አንዱ ከቅርጫቱ ሥር መስመር ላይ፣ አንዱ በጎን፣ አንዱ ከኋላ ይቆማል። የመጀመሪያው ትምህርት "ኳስ የያዘውን አትይ፣ ተከላካዩን እይ" የሚል ነው። ተከላካዩ ቀድሞ ቦታውን ይዟል? ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የዘለለው ወይስ ወደ ፊት ተደፍቷል? ሁለተኛው ትምህርት "በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ካልታየህ አትንፋ" ነው። ከኋላ ሆነህ የምታየው ጀርባ ብቻ ነው። ክንዱ ይመታ አይመታ የሚታየው ከጎን ነው። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ባለመሄድህ ብቻ ጥፋቱ ያመልጥሃል።

አሁን ኮከቡን አስቡት። በመጀመሪያው እርምጃ ተከላካዩን ይቀድመዋል። የተቀደመ ሰው እጁን ይዘረጋል፣ በዳሌው ይገፋል። ያ ጥፋት እውነተኛ ጥፋት ነው። ብዙ የሚገባ ሰው ብዙ ይነካል። ስለዚህ ከቁጥሩ ገሚሱ የጨዋታው ባህርይ እንጂ አድልዎ አይደለም።

የቀረው ግን አድልዎ ነው፣ አልዋሽም። አንድ ምሽት በጣም የተወደደ ተጫዋች ነበረን። ሜዳው ጢም ብሏል። ልጁ ወደ ቅርጫቱ ገባ፣ ጮኸ፣ ወደቀ። ነፋሁ። ለተከላካዩ አምስተኛው ጥፋት ስለነበር ከጨዋታ ወጣ። ተከላካዩ ምንም አልተናገረም። አንድ ጊዜ ብቻ አየኝና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፎጣውን ራሱ ላይ ጣለ። በኋላ አንድ ሰው በስልኩ የቀረጸውን አሳየኝ። በተከላካዩ እጅና በልጁ ክንድ መሃል አንድ ስንዝር ክፍተት ነበር። ታዲያ እኔ ምን አይቼ ነፋሁ? የጠበቅሁትን። ያ ልጅ ሲገባ ሁልጊዜ ይመታ ነበር፤ ስለዚህ አንጎሌ ቀድሞ ፊሽካውን ነፋ። ማንም ጉቦ አልሰጠኝም፣ ማንም አላዘዘኝም። ያንን ተከላካይ ፈልጌ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ግን "ሁልጊዜ ለኮከብ ነው" የሚለውን አልቀበልም። ጃንዋሪ 2023 ቦስተን ላይ፣ ያኔ ለሌከርስ የሚጫወተው ሌብሮን በመደበኛው ሰዓት ማብቂያ ገብቶ ሊያስቆጥር ሲል የቦስተኑ ቴተም ክንዱን መታው። አልተነፋም። ሌብሮን መሬት ላይ ተንበረከከ። ቦስተን በተጨማሪ ሰዓት 125 ለ 121 አሸነፈ። በኋላ የዳኞቹ ማኅበር ራሱ "ተሳስተናል" ብሎ ጻፈ። በ2007 ደግሞ የሳን አንቶኒዮው ኮከብ ቲም ደንከን ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሳቀ ከሜዳ ተባርሯል። ደንከን! ያባረረው ዳኛም ለቀረው የውድድር ዘመን ታግዷል።

የሰሌዳው ጥግ፦

ጋሼ፣ ስለ ቅንነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለዚያ ፎጣ የጻፉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ዊልት ቻምበርሊን በመደበኛው ውድድር 1,045 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ቀን በጥፋት ብዛት ከሜዳ አልወጣም። ያን የሚያህል ግዙፍ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ! ይህንንስ "የጨዋታው ባህርይ" ይሉታል?

አሮጌ ፊሽካ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከፊሉ ዊልት ራሱ ይጠነቀቅ ስለነበር ነው። ጥፋት ሲበዛበት እጁን ይሰበስብ ነበር ይባላል። ከፊሉ ደግሞ አንተ ያልከው ይመስለኛል። በኤንቢኤ ከሜዳ የሚያስወጣው ስድስተኛው ጥፋት ነው (በእኛ አምስተኛው ነበር)፤ ዳኛ እሱን ሲነፋ እጁ ይከብደዋል። አምስት ይዞ የሚጫወት ኮከብ ላይ የሚነፋው ፊሽካና ሁለት የያዘው ላይ የሚነፋው እኩል አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ።

ባትና ጅማት፦

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። "ጤነኛ ተጫዋች" የምትለው ቃል ላይ ነው ችግሬ።

ስድስተኛው ሰው፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስረዳህ። ባት ላይ ትንሽ መሳሳብ ያለበት ሰው ሲራመድ አያነክስም። ደረጃ ይወጣል። ቀስ ብሎ ይሮጣል። ውጭ ሆነህ ብታየው "ይሄ ሰውዬ ምን ሆነ?" ትላለህ። በአንድ እግርህ ጣቶች ላይ ደጋግመህ ተነሥ ስትለው ግን አሥራ ሁለተኛው ላይ ተረከዙ መውረድ ይጀምራል። በጤነኛው እግር ሃያ አምስት ይሠራል። ያቺ ልዩነት ከመቀመጫህ አትታይም። ቆሞ ከነበረበት ሲፈነጠር ግን የባቱ ጡንቻ መሸከም ያቃተው ኃይል ሁሉ የሚያርፈው ባቱን ከተረከዙ ጋር የሚያያይዘው አኪለስ ጅማቱ ላይ ነው።

ኬቨን ዱራንት በ2019 ፍጻሜ የሆነውን አስታውስ። ባቱን ታሞ ለአንድ ወር ያህል ከራቀ በኋላ በ5ኛው ጨዋታ ተመለሰ። በ12 ደቂቃ 11 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሁሉም "ድኗል" አለ። በሁለተኛው ሩብ አኪለሱ ተበጠሰ። ቀጣዩን የውድድር ዘመን በሙሉ አልተጫወተም። በ2025 ደግሞ ታይሪስ ሃሊበርተን ባቱን እያመመው የፍጻሜውን 7ኛ ጨዋታ ጀመረ። ገና በመጀመሪያው ሩብ ነው ያው ጅማት የተበጠሰው። መሬቱን በእጁ እየደበደበ ሲያለቅስ ያየሁ ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። እሱ በኋላ እንደገና ቢሆንም እጫወት ነበር ብሏል። አምነዋለሁ። የፍጻሜ 7ኛ ጨዋታ ነው። ለተራ የጃንዋሪ ማክሰኞ ጨዋታ ግን ያንን ዋጋ እንዲከፍል የምንጠይቀው በምን አንጀታችን ነው?

ካዋይ ሌናርድ በ2018/19 ለቶሮንቶ የተጫወተው 60 ጨዋታ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጭኑ ጉዳት ምክንያት 9 ብቻ ነበር የተጫወተው። ቶሮንቶ ለ22 ጨዋታ አሳረፈው፣ ሁሉም ሰደበው። ሜይ ላይ ፊላደልፊያን በ7ኛው ጨዋታ ያሸነፈባት ኳስ ብረቱ ላይ አራት ጊዜ ነጥራ ስትገባ ግን ማንም ስለ እረፍቱ አላነሳም። ዋንጫውንም ወሰዱ።

ስድስተኛው ሰው፦

እህቴ፣ ሙያሽን አከብራለሁ። ግን ሊጉ ራሱ በጃንዋሪ 2024 ለቡድኖች የላከው ጥናት አለ። የ10 ዓመት መረጃ ተመልክቶ፣ ጨዋታ መዝለል በኋላ የሚመጣን ጉዳት እንደሚቀንስ የሚያሳይ ነገር አላገኘም። ሳይንሱ ካልደገፈው ለምን እንቀበል?

ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። ኮከብ የሚባለው ባለፉት ሦስት ዓመታት ኦል ስታር (የኮከቦች ጨዋታ) ወይም የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ የገባ ነው። ቡድኑ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጤነኛ ኮከብ ማሳረፍ አይችልም። የመጀመሪያው ቅጣት 100,000 ዶላር፣ ሁለተኛው 250,000፣ ከዚያ በኋላ በየጊዜው አንድ ሚሊዮን እየጨመረ ይሄዳል። ለምርጥ ተጫዋችነት ለመታጨትም ቢያንስ 65 ጨዋታ ያስፈልጋል። ጥሩ ሕግ ነው።

ባትና ጅማት፦

ያንን ጥናት አውቀዋለሁ። አንድ ነገር አስብ። የሚያርፈው ማነው? ቀድሞውኑ ጉልበቱ ወይም ባቱ የሚያመው ነው። የማያመው አያርፍም። ያረፉትንና ያላረፉትን ስታወዳድር ታማሚን ከጤነኛ ጋር ነው የምታወዳድረው። እኩል መጎዳታቸው ራሱ ምናልባት እረፍቱ ሠርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አልሠራም ማለትም ሊሆን ይችላል። ከዚያ መረጃ ብቻ አይታወቅም።

65ቱን በተመለከተ፣ በ2024 ጃንዋሪ የፊላደልፊያው ኤምቢድ ጉልበቱን እያመመው የዴንቨሩን ጨዋታ ስለቀረ ምን ያልተባለ አለ? "ፈራ፣ ሸሸ" ተባለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወርቃማው ግዛት ላይ ተጫወተ፣ ተጋጣሚው እግሩ ላይ ወደቀበት፣ ለቀዶ ሕክምና ገባ። በዚያ ዓመት 39 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ሰው የወደቀበት ሕጉ ነው አልልም። ግን ከሳምንት በፊት 70 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ጉልበቱ እንደታመመ የሚያምነው ጠፍቶ ነበር።

የሰሌዳው ጥግ፦

"ወርቃማው ግዛት" ያልሽው ጎልደን ስቴት ነው አይደል? ለአዲስ አንባቢ ብዬ ነው።

ባትና ጅማት፦

አዎ፣ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ። ይቅርታ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን አላስቻለኝም።

ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው "ስጦታ ምን ላድርግልህ?" አልኩት። የሚወደውን ተጫዋች በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ለአራት ወር ቆጥቤ ሁለት ትኬት ገዛሁ። ከላይ፣ ጣሪያው ሥር ነበር። ማሊያውን ሌሊት ለብሶት ነው ያደረው። ከሁለት ሰዓት በፊት ደረስን፣ ሲያሟሙቁ ለማየት። ሌሎቹ ወጡ። እሱ አልወጣም። ልጄ "ዘግይቶ ይመጣል" እያለ ተጫዋቾች የሚወጡበትን መተላለፊያ ያያል። ጨዋታው ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው አጠገባችን የነበረ ሰው ስልኩን አይቶ "ዛሬ አይጫወትም" አለ።

ልጄ አላለቀሰም። "አሞት ነው?" አለኝ። አላውቅም ነበር። የሚነግረን አልነበረም። ጨዋታውም ስሙ ሳይነሳ ተጀመረ።

ባትና ጅማት የጻፈችውን ሳነብ ስለ ተጫዋቹ አዘንኩ። ታሞ ከነበረ በማረፉ አልቀየምም። እኔም እናት ነኝ። የከፋኝ ከአንድ ቀን በፊት ቢነገረኝ ሌላ ነገር አስብ ነበር፤ ቢያንስ ልጁን አዘጋጀው ነበር።

አሮጌ ፊሽካ፦

እህቴ፣ በጣም ነው የተሰማኝ። "አሞት ነው?" ብሎ መጠየቁ ልጅሽን በደንብ እንዳሳደግሽው ያሳያል።

የሰሌዳው ጥግ፦

ትናንት ማታ የእናትየዋን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩ። ከዚያ በ2012 ስለ ሳን አንቶኒዮ የተወሰነውን ቅጣት እንደገና አየሁ።

ታሪኩን የምታውቁት ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 2012፣ የቡድኑ አሰልጣኝ ፖፖቪች ደንከንን፣ ፓርከርን፣ ጂኖቢሊንና ዳኒ ግሪንን ማያሚ ላይ ከመጫወታቸው በፊት ወደ ቤታቸው ላካቸው። ከቤት ውጭ የሚደረገው ተከታታይ ስድስተኛ ጨዋታቸው ነበር። የቀሩት ተቀያሪዎች ሻምፒዮኑን ማያሚን እስከ መጨረሻው አስጨንቀው 105 ለ 100 ተሸነፉ። ሊጉ 250,000 ዶላር ቀጣ።

እኔ ሁልጊዜ የተቀጡት ስላሳረፉ ይመስለኝ ነበር። የሊጉ የያኔ ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን ያወጣው መግለጫ ግን ሌላ ነገርም ይላል። ለማያሚም፣ ለጋዜጠኞችም፣ ለሊጉም በጊዜው አላሳወቁም። ጥፋቱ ውስጥ ዝምታውም አለበት ማለት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን ላስተካክል። እረፍቱን እቀበላለሁ። ባቱን የሚያመው ሰው ይረፍ። የማልቀበለው መደበቁን ነው። ጋሼ ስለ ፊሽካው ያሉትም ያው ነው። ስሕተቱ ሳይሆን ስሕተቱ ሳይነገር መቅረቱ ነው የሚያንገበግበው። ከ2015 ጀምሮ ሊጉ የተቀራራቢ ጨዋታዎችን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ፊሽካዎች እየመረመረ በማግስቱ ያወጣል። ይህ ትክክል ነበር፣ ያ ስሕተት ነበር፣ ይህ መነፋት ሲገባው ታልፏል ይላል። በ2006 እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እኔ ለዓመታት በልቤ ይዤ አልዞርም ነበር። ወይ ዳኛው ትክክል ነበር እለዋለሁ፣ ወይ ተሳስቷል ብዬ እዘጋዋለሁ።

ስድስተኛው ሰው፦

ሪፖርቱ ውጤት አይቀይርም እኮ። የተሸነፈው ተሸንፏል። በማግስቱ "ተሳስተን ነበር" ቢሉት ቁስሉን መነካካት ነው።

አሮጌ ፊሽካ፦

ውጤት አይቀይርም። ዳኛውን ግን ይቀይራል። እኔ ያንን የስልክ ቪዲዮ ባላይ ኖሮ እስክተው ድረስ እንደዚያው እነፋ ነበር። ካየሁ በኋላ ልጁ ሲጮህ ፊሽካው ከንፈሬ ላይ እያለ አንድ ትንፋሽ መቆየት ጀመርኩ። ብዙ ነገር በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል።

ሊጉም ቢሆን ሲፈልግ ማስተካከል ይችላል። ጄምስ ሃርደን ክንዱን በተከላካዩ ክንድ ውስጥ እያጠላለፈ፣ ሲወረውር ወደ ጎን እየተወረወረ በ2019/20 በጨዋታ በአማካይ 11.8 የቅጣት ውርወራ ያገኝ ነበር። በ2021/22 "ከጨዋታው ጋር የማይሄድ እንቅስቃሴ አይነፋለትም" ተብሎ ለዳኞች መመሪያ ተሰጠ። የመጀመሪያው ወር ላይ ኮከቦቹ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ዳኛ ሲያዩ ነበር። ተከላካዮች ግን እፎይ አሉ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ አሰልጣኝ ፊሽካን ተቃውሞ በቪዲዮ እንዲታይ መጠየቅ ይችላል። በእኔ ጊዜ ይህ ቢኖር ያ ልጅ ፎጣውን አይጥልም ነበር።

ባትና ጅማት፦

ስድስተኛው ሰው፣ አንተ ያነሳኸው የ82 ጨዋታ ነገር ላይ ልመለስ። ጨዋታው 82 የሆነው በ1967/68 ነው። ያኔ የነበረው ሩጫና የዛሬው አይገናኝም። ዛሬ አምስቱም ከሩቅ ስለሚወረውሩ ተከላካዩ ከቅርጫቱ ሥር ተነስቶ እስከ ሦስት ነጥብ መስመር ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ጡንቻን የሚጎዳው መሮጡ ብቻ አይደለም፣ ድንገት መቆሙ ጭምር ነው። ሊጉ በአምስት ሌሊት አራት ጨዋታ የሚለውን ከ2017/18 ጀምሮ አስቀርቷል፣ በተከታታይ ቀናት የሚደረገውንም ቀንሷል። ጥሩ ነው። ግን ጨዋታውን ወደ 70 እናውርደው ቢባል ባለቤቶቹም ተጫዋቾቹም ከሚያገኙት ገንዘብ ይቀነሳል። ስለዚህ ማንም ደፍሮ አያነሳውም። እኛ ደግሞ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ እንሰድባለን።

ስድስተኛው ሰው፦

እሺ፣ በዚህኛው ተረትቻለሁ። 70 ጨዋታ ሁሉም የሚጫወትበት ከሆነ ከ82ቱ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ግን 70 ተደርጎም ሰው ካረፈ እዚሁ ተመልሼ እጮሃለሁ።

ባትና ጅማት፦

የሁለት ልጆች እናት፣ አንቺን የሚጠቅምሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቡድኖች የጉዳት ዝርዝር የማውጣት ግዴታ አለባቸው። በሊጉ ድረ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። ከአንድ ቀን በፊት አመሻሽ ላይ አንዴ እዪው፣ ጠዋት ድገሚው፣ ከቤት ስትወጪም እዪው፤ ይቀያየራል። ትኬት ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ መርሐ ግብሩን ተመልከቺ። ቡድኑ ትናንት ማታ ሌላ ከተማ ተጫውቶ ከሆነ ያንን ቀን ተዪው። ተጫዋቹ 35 ያለፈው ወይም ጉልበቱን ታሞ የተመለሰ ከሆነ በተለይ ተዪው።

የሁለት ልጆች እናት፦

አመሰግናለሁ እህቴ። ለልጄ አነበብኩለት። አሁን መርሐ ግብሩን አትሞ በእርሳስ እያከበበ ነው። በዋዜማው ሌላ ጨዋታ ያለባቸውን ቀን ሁሉ ሰርዟል። ሦስት የጨዋታ ቀኖች ተርፈዋል። አንደኛው ከረጅም ጉዞ ሲመለሱ የመጀመሪያው የሜዳቸው ጨዋታ ነው፣ በፊቱ አንድ ቀን እረፍት አላቸው። ሁለተኛው ሁለት ቀን አርፈው ነው፣ ግን በማግስቱ ሌላ ጨዋታ አለባቸው። ሦስተኛው በፊቱም በኋላውም ክፍት ነው፤ ብቻ በጣም ይርቃል፣ ማርች ላይ ነው። የትኛው ይሻለኛል?

ባትና ጅማት፦

ሦስተኛው። ይታገሥ በዪው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ነገርኩት። "ማርች ስንት ቀን ይቀረዋል?" እያለ እየቆጠረ ነው።